ሃምሳ ሎሚና 36 ሽቦ

ልጄ፣ እናትህ ደውላ «ይህ ልጅህ ጎማ መለጠፍ አልበቃው ብሎ መንኮራኩሩን ራሱ ከባዶ ካልሠራሁ ብሏል፤ እስቲ ምከረው» አለችኝ። ነገሯ ገብቶኛል፤ ተው በለው ማለቷ ነው። እኔ ግን ተው አልልህም። ዛሬ ኡምዱርማን ላይ ተቀምጦ የተጣመመ ቸርኬ የሚያቃና፣ የተበጠሰ ሽቦ የሚተካ፣ የመሃሉን ሞዞ ከዙሪያው ቸርኬ ጋር አስሮ አዲስ መንኮራኩር የሚያቆም ሰው እንጀራው በእጁ ነው። በጦርነቱ የሰው መኪና ተዘርፏል። የተረፈውም ቢሆን ነዳጅ ሲያገኝ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ተው ከማለት «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብዬ የማውቀውን ብነግርህ ይሻላል። ነገሬ ረጅም ነው፤ ሻይ ሻጯ ሲት አሻይ ዘንድ ተቀመጥና ሻይህን አስቀድተህ አንብበው።

የጨዋታ ነገር እንዳልሆነ አንተም ታውቃለህ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ቅዳም ሹር ጠዋት፣ እኛ ለፋሲካ ስንሰናዳ፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን የረመዳንን መጨረሻ ሲጾሙ ካርቱም ላይ ተኩስ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ነጭና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት ከተማ ሰው ጄሪካን ይዞ ውሃ ፍለጋ ዞረ። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ሲባል በልጅነቴ ስሰማ ለቀልድ የተባለ ይመስለኝ ነበር። መጋቢት 2017 ዓ.ም. ሠራዊቱ ቤተ መንግሥቱን መልሶ ከያዘ በኋላ ሰው ወደ ሰፈሩ መመለስ ጀመረ፤ የተሰበረው ቧንቧ ግን ከሰዎቹ ጋር አልተመለሰም። እንግዲህ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሁለት ብስክሌት ላይ ሲሰቀል 40 ኪሎ ነው። በላዩ ነጂውን ጨምርበት። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ሽቦ ነው። ልትሠራ የተነሳኸው ይህንን ነው።

ጎንደር ላይ ቁጭ ብዬ ስለ ብስክሌት ስመክር የሰሙ ይስቁብኛል። እዚህ ዳገቱ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ወጥቶ ሰውን በእግሩም ያስተነፍሰዋል። ካርቱም ግን ለጥ ያለች ናት፤ ለብስክሌት የተፈጠረች። በ1970 ዓ.ም. በመተማ በኩል ወጥቼ ካርቱም ዴም ሰፈር ስገባ ይህን ሥራ ያስተማረኝ አንድ የኡምዱርማን ሽማግሌ ዐጀላቲ፣ ብስክሌት ጠጋኝ ነው፤ ጥቂት ተናግሮ ብዙ የሚያሳይ ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ዞርኩ። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይሉ የለ? እኔም የዞርኩት ይህን ሙያ ይዤ ነው።

ከሁሉ በፊት ለማን እንደምትሠራ ወስን። ጓደኞችህ የቢንያም ግርማይን ቪዲዮ እንደሚያሳዩህ አውቃለሁ። ያ የአስመራ ልጅ በ2024 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሦስት ጊዜ አንደኛ ገብቶ አረንጓዴውን ማሊያ ሲወስድ እኔም ቴሌቪዥኑ ፊት ተነስቼ አጨብጭቤያለሁ። የእኛው ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. ያንን ውድድር የጀመረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ከዚያም በፊት፣ አገራችን በ1956 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትወጣ ሜልቦርን ከሄዱት መካከል እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተወዳድረዋል፤ ሰው የሚያነሳው ሯጮቹን ብቻ ነው እንጂ። ኩራቱ ኩራት ነው። ነገር ግን ሽቦ በመቀነስ እሽቅድምድመኞችን አትከተል። እነሱ ጥቂት ሽቦ ባለው መንኮራኩር አስፋልት ላይ ይበራሉ፤ ሲሰበርባቸው ከኋላ መለዋወጫ የጫነ መኪና ይደርስላቸዋል። አንተን ከኋላ የሚከተልህ አቧራ ነው። ከ36 ቀዳዳ በታች ያለው ቸርኬ ለሸክም አትግዛ። እንደ ራሌይ ያሉት የድሮ የእንግሊዝ ብስክሌቶች ከፊት 32 ከኋላ 40 ሽቦ ነበራቸው፤ ክብደቱ የሚበዛው ከኋላ መሆኑን አውቀው ነው እንዲህ ያደረጉት። እንደነዚህ ያለ ካጋጠመህ ቸርኬውና ሞዞው እኩል ቀዳዳ እንዳላቸው ሳትቆጥር ገንዘብ አታውጣ። 40 ቀዳዳ ባለው ሞዞ ላይ 36 ቀዳዳ ያለው ቸርኬ ልግጠም ብትል አይገጥምልህም።

አሁን ዋናውን ስማ። የድሮ የጋሪ መንኮራኩር በእንጨት ዘንጎቹ ላይ ይቆማል፤ ክብደቱ መሃሉ ላይ ሲያርፍ ከታች ያለው ዘንግ ተገፍቶ ይሸከማል። ሽቦ ግን ሲገፉት ይጎብጣል። የሚያውቀው መሳብ ብቻ ነው። ስለዚህ ሽቦዎቹን ሁሉ ከዙሪያው አስቀድመህ ትወጥራቸዋለህ፤ ክብደት ሲመጣ መሬት በነካው በኩል ያሉት ጥቂቶቹ ትንሽ ይረግባሉ፤ መንኮራኩሩ ሲዞር መልሰው ይወጠራሉ፤ ቀጥሎ ያሉት ደግሞ በተራቸው ይረግባሉ። በትልቁ ባለ 28 ጎማ አንድ ኪሎ ሜትር ስትሄድ እያንዳንዱ ሽቦ 450 ጊዜ ያህል ይህን ይመላለሳል። ሽቦ በአንድ ጉድጓድ ይበጠሳል ብለህ አታስብ። የሚበጠሰው በዚህ መመላለስ ደክሞ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ሞዞው ውስጥ በሚታጠፈው ክርኑ ላይ። ደግሞ የላላው ነው ከጠበቀው ቀድሞ የሚሄደው። ልጆች ይህን ሲሰሙ አያምኑም። የላላ ሽቦ ክብደት ባረፈበት ቁጥር ፈጽሞ ባዶ ይሆናል፣ መልሶ ይመታል፣ ጫፉን ቸርኬው ላይ የምትይዘው ዳዶም በዚያች ቅጽበት ትፈታለች።

ይህን ያሰቡት ከ150 ዓመት በፊት ነው። ፓሪስ ላይ ኦዤን ሜየር በ1869 እ.ኤ.አ. የሽቦ መንኮራኩር አወጣ፤ እንግሊዝ አገር ጄምስ ስታርሊ በ1874 እ.ኤ.አ. ሽቦውን ከሞዞው ቀጥ አድርጎ ከማውጣት ይልቅ አዘንብሎ፣ አንዱን በአንዱ ላይ አሻግሮ ማሰርን አመጣ። ማዘንበሉ ለጌጥ አይምሰልህ። ፔዳሉን ስትረግጥ ካቴናው ሞዞውን ይጠመዝዘዋል፤ ያንን ጥምዘዛ ወደ ቸርኬው የሚያደርሰው ያዘነበለው ሽቦ ነው። ቀጥ ያለ ሽቦ ከኋላ ብታስር ሞዞው ለብቻው መዞር ይፈልጋል።

ያደግንበት ተረት እዚህ ሥራ ላይ ሲውል ታየዋለህ፦ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ»። በደህና ቸርኬ ላይ አንድ ሽቦ 100 ኪሎ ያህል ስቦ ይቆማል። በ36 ስታበዛው 3,600 ኪሎ ነው፤ ቆሞ ባለ፣ ማንም ባልተቀመጠበት ብስክሌት ላይ ያለ ኃይል ይህ ነው። ሽቦዎቹ እኩል ከተካፈሉት ማንም አይጎዳም። አራቱ ጠብቀው ሌሎቹ ከላሉ ሎሚው ሁሉ አራቱ ላይ ወደቀ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ስንል ድሩ ይወፍራል አላልንም፤ ቢያብር ነው ያልነው። ገበያ ላይ ወፍራም ሽቦ እያሳየ «ይህ አይበጠስም» የሚልህን ሻጭ ስማው፣ ግን አትመነው። ሽቦህ መካከለኛ ይሁን፤ አወጣጠርህ እኩል ይሁን።

ወደ ዕቃው ልግባ። ቸርኬውን ጠፍጣፋ ሴራሚክ ወለል ላይ አስተኛው። በአንድ በኩል ስትጫነው በሌላው በኩል ከተነሳ ተጣሟል፤ ትንሽ ከሆነ በሽቦ ይመለሳል፣ ጣትህ ከሥሩ የሚገባ ከሆነ ተወው። የሽቦ ቀዳዳዎቹን ዙሪያ በጨርቅ ጠርገህ ፀሐይ ላይ እያዞርክ እይ፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካለች እሱ ቸርኬ ቆርቆሮ ሰብሳቢ ቤት ነው የሚሄደው። ሞዞውን አክሱን ይዘህ አዙረው፤ ቢንገጫገጭ ፍታውና የኩሽኔታ ፍሬዎቹን በናፍጣ እጠባቸው፣ የተበላ ካለ ለውጥ፣ አዲስ ግሪስ አስገባበት። የካርቱም አቧራ ግሪስ ውስጥ ሲገባ አሸዋ ወረቀት ይሆናልና የአቧራ ማዕበሉ ሀቡብ ባለፈ ቁጥር ሞዞ ከፍቶ ማየት ልማድህ ይሁን።

ስለ ቸርኬ ካነሳሁ አንድ ነገር በጥብቅ ልንገርህ። ያ ሁሉ ዘረፋ ካለፈ በኋላ ገበያው የማን እንደነበረ የማይታወቅ ዕቃ ሞልቶታል፤ ዋጋው ርካሽ ነው። የምትገዛው ብስክሌት የጎረቤትህ ልጅ ትምህርት ቤት ይሄድበት የነበረ ሊሆን ይችላል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ»። ሻጩን ጠይቅ፤ መልሱ ከተምታታ ተነስተህ ሂድ። ባለቤት የለውም ብለህም ፈርሶ ባዶ የቆመ ቤት ውስጥ ብረት ፍለጋ እንዳትገባ። ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ በየፍርስራሹ ሥር አለ፤ ለቸርኬ ብለህ እግርህን አትስጥ። እናትህ ከነገርኳት ሁሉ ይህቺን ብቻ ነው ሁለት ጊዜ ያስደገመችኝ።

ሽቦውን አዲስ ግዛ። አሮጌ ሽቦ ቆጥቦ በአዲስ ቸርኬ ላይ ማሰር «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» ነው፤ ድካሙን ከቀድሞው ሕይወቱ ይዞት ይመጣል። ርዝመቱ ላይ ደግሞ ዓይንህን ክፈት። ያንኑ ቸርኬና ሞዞ በዚያው አሠራር የያዘ አሮጌ ሽቦ ካለህ ከክርኑ ውስጥ እስከ ጥርሱ ጫፍ ለካውና እሱን አምጣልኝ በል። ሁለት ሚሊ ሜትር ቢረዝም ጫፉ ከዳዶዋ አልፎ ወጥቶ ካላማዳሪውን ይወጋል፤ በጣም ቢያጥር ዳዶዋ የምትይዘው ጥርስ ታጣለች። ዳዶዎቹ ከነሐስ የተሠሩ ይሁኑ። የአልሙኒየሞቹ ቀለል ይላሉ፣ ያምራሉ፣ ግን ቁልፍ ሲበዛባቸው ጥጋቸው ይላጣል።

ጥርሱን የምትቀባው የተልባ ዘይት አለ። ይሄ የዱሮ ጥበብ ነው። ስትጠብቅ ያንሸራትታል፤ ሲሰነብት ይደርቅና ዳዶዋን በቦታዋ ይይዛታል። እዚያ በየሱቁ ያለው የሰሊጥ ዘይት ነው፤ ለፉል ግሩም ነው፣ ለዚህ ግን አይሆንም፤ እንደ ተልባ አይደርቅም። ከተልባው አንድ ትንሽ ጠርሙስ እልክልሃለሁ።

ሰዓቱን ምረጥ። «ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው» ይባላል፤ ለቀጥቃጭ እውነት ነው፣ ለአንተ ግን ውሸት ነው። ካርቱም በሚያዝያና በግንቦት ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሆን ፀሐይ ላይ የዋለ ቸርኬ እጅ ያቃጥላል፣ ላብ ዓይንህ ውስጥ ይገባል፣ አንተም ለመጨረስ ትጣደፋለህ። «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ»። ሱብሒ አዛን ሲል ተነስ፤ እስከ ረፋድ ሥራ፤ ከዚያ ሸፍነህ ተወው። መንኮራኩር በአንድ ጠዋት ካላለቀ የሚበላሽ ነገር አይደለም።

ስታስር እንዲህ ነው። 36 ቀዳዳ ካለህ ሞዞው በእያንዳንዱ ክንፉ 18 አለው። በቀኙ ክንፍ ጀምር። አንዱን ቀዳዳ እየዘለልክ 9 ሽቦ ከውጭ ወደ ውስጥ አስገባ፤ ራሳቸው ከውጭ ይታያል። ቸርኬውን በጉልበትህ ላይ ይዘህ የቫልቩን ቀዳዳ ፈልግ። ከቸርኬው ቀዳዳዎች ግማሹ ወደ ቀኝ፣ ግማሹ ወደ ግራ በትንሹ ዘንበል ማለታቸውን አስተውል። ከቫልቩ ቀጥሎ ያለችው፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለችው ቀዳዳ የመጀመሪያው ሽቦ ቦታ ናት። ዳዶዋን ሁለት ዙር ብቻ አስይዝ። ከዚያ ሦስት ቀዳዳ እየዘለልክ በአራተኛው ላይ ቀጣዩን፣ እንዲያ እያልክ 9ኙን ጨርስ። ሲያልቅ በመካከላቸው ሁልጊዜ ሦስት ባዶ ቀዳዳ ሊኖር ይገባል። ካልሆነ እዚያው ፍታ፤ ወደፊት ይስተካከላል ብለህ አትለፍ። እዚህ የተሳሳተ ቀዳዳ ወደፊት አይቃናም።

ገልብጠው። የግራው ክንፍ ቀዳዳዎች ከቀኙ ጋር ፊት ለፊት አይደሉም፤ በመካከላቸው ነው የሚወድቁት። አንድ ሽቦ ቀጥ አድርገህ በቀኙ አሳልፈህ ግራው ላይ የት እንደሚያርፍ እይ፤ ከመጀመሪያው ሽቦህ ጎን ያለችውን ቀዳዳ ምረጥና ከቸርኬው ላይም ከእሱ አጠገብ አስገባ። 9ኙን እንደ ቀድሞው ጨርስ። አሁን ሞዞውን በእጅህ ጠምዝዘው፤ ሽቦዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላሉ። የመጀመሪያው ሽቦ ከቫልቩ ቀዳዳ ርቆ ማዘንበል አለበት፤ ወደ ቫልቩ ከመጣ ወደ ሌላው ወገን ጠምዝዘው።

የቀሩት 18 ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚወጡት፤ የሚያዘነብሉትም በተቃራኒው ነው። እያንዳንዱ በራሱ ክንፍ ያሉትን ሦስት ሽቦዎች ይሻገራል፤ ሁለቱን ከውጭ ያልፋል፣ በሦስተኛው ግን ከውስጥ ይገባል። ለመግባት በጣትህ ትንሽ መለመጥ ይኖርብሃል፤ አይሰበርም፣ አትፍራው። ይህቺ ሦስተኛዋ መሻገሪያ ሁለቱ ሽቦዎች ተደጋግፈው እንዲሠሩ የምታደርግ ናት፤ ሰነፍ ሠሪ ይዘላታል። ጨርሰህ ቫልቩን እይ። በግራና በቀኙ ያሉት ሽቦዎች ከላዩ ተራርቀው ሰፊ በር ከተዉለት ፓምፑ ይገባል። ተሻግረው ከጠበቡበት ሞዞውን የጠመዘዝከው በተቃራኒ ነበር። መንኮራኩሩ ይሄዳል፤ ደንበኛህ ግን ጎማ በነፋ ቁጥር ያነሳሃል።

የሽቦ ቁልፉ ለዳዶዋ ልክ ይሁን። ፒንሳ የያዘ ልጅ አጠገብህ ቢመጣ አባረው። ብስክሌቱን ገልብጠህ አቁም፣ መንኮራኩሩን በፊት ሹካው ውስጥ አስገባ፣ ከሹካው ላይ ቀጭን እንጨት እሰር፤ ጫፉ ቸርኬውን ሊነካ ጥቂት ይቅረው። ሌላ መሣሪያ አያስፈልግህም።

ሁሉንም ዳዶ የሽቦው ጥርስ እስኪደበቅ እኩል አምጣ። ከዚያ ከቫልቩ ጀምረህ ሁሉንም ግማሽ ግማሽ ዙር እየሰጠህ ዙሪያውን ዙር። ጀማሪን ሁሉ የሚያሳስት ነገር አለ፦ ዳዶዋን ከጎማው በኩል ሆነህ ስታያት ወደ ቀኝ ስትዞር ትጠብቃለች፤ ከሞዞው በኩል ግን ወደ ግራ የምትዞር ትመስላለች። ብስክሌቱ ተገልብጦ ሳለ ጭንቅላትህም ይገለበጣል። ከተጠራጠርክ ቁልፉን አስቀምጥና ከላይ ጎንበስ ብለህ እይ።

ሽቦዎቹ መወጠር ሲጀምሩ አዙረውና እንጨቱን ተመልከት። ቸርኬው ወደ ቀኝ በሚሄድበት ቦታ የግራዎቹን ጥቂት ሽቦዎች ሩብ ዙር አጥብቅ፣ የቀኞቹን ሩብ አላላ። ወደ ውጭ በሚያብጥበት ቦታ የግራና የቀኝ ጥንድ አንድ ላይ አጥብቅ፤ ወደ ውስጥ በሚገባበት ጥንዱን አላላ። አንዱን ጉድለት ብቻ እያየህ እዚያው ስትጠመዝዝ ከዋልክ ግን «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይደርስብሃል፤ ጎኑ ቀና ሲል ክቡ ይጠፋል፣ ክቡ ሲመለስ መሃሉ ይሸሻል። ከሁሉም በጥቂት በጥቂቱ፣ እየተመላለስክ ነው የሚሠራው። ጎኑን ብቻ አስተካክለው «አለቀ» የሚሉ ሠሪዎች ገበያውን ሞልተውታል፤ ሳምንት ሳይሞላ ሲመለስባቸው ጥፋቱን በጉድጓዱ ያሳብባሉ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል።

ዓይን የማያየውን ጆሮ ይሰማዋል። ሽቦውን መሃሉ ላይ በጣትህ ምታው፤ ክራር ስትቃኝ እንደምትመታው ነው። ካርቱም ተወልደህ ክራር በእጅህ ካልያዝክ ክራር መሰሉን የሸይጊያዎቹን ጠምቡር ሰምተሃል። በአንድ ክንፍ ያሉት ሁሉ ድምፃቸው መቀራረብ አለበት። አንዱ ከፍ ብሎ ከጮኸ ከድርሻው በላይ ይዟል፤ አንዱ ከደነቆረ ሥራውን ለጎረቤቶቹ ትቷል። ጥብቀቱ በቂ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ደህና የፋብሪካ መንኮራኩር ፈልገህ የእሱን ድምፅ ስማ፤ በእጅህም ጥንድ ሽቦ ጨምቀህ አነጻጽር። ጆሮህ ከየትኛውም መለኪያ ባልተናነሰ ያስተምርሃል፤ አንተ ብቻ አትጣደፍ።

ከጦርነቱ በፊት፣ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከካይሮ ኬፕታውን 12,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዙት ብስክሌተኞች ካርቱም ላይ ሲያርፉ ሄደህ ብታያቸው ትዕግሥት ምን እንደሚሠራ በዓይንህ ታይ ነበር። የሱዳንን በረሃ አቋርጠው፣ በመተማ በኩል ገብተው ይህን የጎንደርን ዳገት የሚወጡ ነበሩ። እኔ ብስክሌቶቻቸውን ለማየት ነበር የምሄደው። ሠፈር በገቡበት ማታ፣ ሌላው እግሩን ሲዘረጋ፣ ዳዶ የሚነካኩ ሰዎች አይጠፉም ነበር። ያን ሁሉ መንገድ መንኮራኩራቸውን የሚያደርሰው ይኸው ማታ ማታ መነካካታቸው ነው ብዬ አምናለሁ።

የኋላው ይከብዳል፤ ለዚህ ነው ከፊቱ ጀምር የምልህ። ከኋላ በቀኝ በኩል ጥርስ ስላለ ሞዞው ተገፍቶ ቀኙ ክንፍ ወደ መሃል ይጠጋል። ቸርኬው ግን በብስክሌቱ መሃል ነው መቆም ያለበት። ስለዚህ የቀኙ ሽቦዎች ቀጥ ብለው በጣም ይጠብቃሉ፣ የግራዎቹ ይላላሉ። ብዙ ማርሽ ባለው ብስክሌት ልዩነቱ ይሰፋል፤ ሁለት ዓይነት ርዝመት ሽቦም ይፈልጋል። አንድ ጥርስ ብቻ ባለው የሸክም ብስክሌት ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ለአንተም የሚሻልህ እሱ ነው። መሃል መቆሙን የምታውቀው መንኮራኩሩን አውጥተህ፣ ገልብጠህ መልሰህ በማስገባት ነው፤ ቸርኬው ከእንጨቱ ያለው ርቀት ካልተለወጠ መሃል ነው፣ ከተለወጠ የልዩነቱን ግማሽ ነው የምትመልሰው። ብዙ ሰው ሙሉውን ይመልስና እንደገና በሌላው ወገን ያገኘዋል።

ከተወጠረ በኋላ ሽቦ በዳዶው ተጠምዝዞ ይቀራል። እሱን ለማስወጣት ከፈለግኸው ልክ ትንሽ አሳልፈህ አጥብቅና መልሰህ አላላ። ከዚያ ጓንት አድርግና ጎን ለጎን የሚሄዱትን ሁለት ሁለት ሽቦ በሁለት እጅህ በኃይል ጨምቅ፤ ዙሪያውን ሁሉ። ክርኑ በሞዞው ላይ ይቀመጣል፣ የተጣመመው ይቃናል። ሲጨመቅ ጥጥ ሲል ትሰማለህ፤ ደህና ነው። መልሰህ አዙረው፤ የተበላሸ ነገር ታያለህ፣ አስተካክል፣ እንደገና ጨምቅ። ሳይበላሽ እስኪቀር ድረስ። ጨርሰህ ጎማ ከመግጠምህ በፊት የሽቦዎቹን ጫፍ ከአሮጌ ካላማዳሪ በተቆረጠ ጎማ ወይም በጠንካራ ጨርቅ ሸፍን።

የመጀመሪያውን መንኮራኩር ለሰው አትሽጥ። ራስህ ውጣበት፤ መጀመሪያ ባዶህን፣ ከዚያ በአንድ ጄሪካን፣ ከዚያ በሁለት። ጥቂት ቀን ነድተኸው ፈትሽ፤ ሁሉም መንኮራኩር ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ትንሽ ይረግባል፣ መልሰህ ታጠብቀዋለህ። «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» ነውና ከዚያ በፊት ሠራሁ ብለህ ለሰፈሩ አታውራ። ስም ካወጣህ በኋላ ደግሞ ዋጋህን አትፍራ። ለዕቃው የከፈልከውን ለይተህ ንገር፣ ለእጅህም ለይተህ ጠይቅ፤ የረገበ ሽቦ መልሶ ማጥበቅ ግን አንድ ጊዜ በነፃ ይሁን፤ ደንበኛው ተመልሶ እንዲመጣና አንተም የሠራኸውን እንድታይ ነው። ውሃ ለሚያመላልስ ባልቴት ስትሠራ ምን እንደምታደርግ እኔ አልነግርህም፤ እናትህ ነግራህ አድጋሃለች።

ቁልፉንና ተልባውን በመተማ ለሚያልፍ ሰው እሰጣለሁ፤ ሲነሳ እደውልልሃለሁ። አንተ እስከዚያው የሞዞውን ክንፎች ስፋት፣ ከአክሱ መሃል እስከ እያንዳንዱ ክንፍ ያለውን ርቀት፣ የቸርኬውን የውስጥ ዲያሜትር በሚሊ ሜትር ለክተህ ጻፍልኝ። የቀዳዳውንም ቁጥር አትርሳ። ልክ የሚሆን አሮጌ ሽቦ ከሌለህ ርዝመቱን እኔ አስልቼ እስክነግርህ ድረስ ሽቦ አትግዛ።